በጦርነት በደቀቀችው ካርቱም የግል ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ምን ሲያሟላ ይዘልቃል?

ጥይት በላይኛው ክንድ አልፎ፣ አጥንት ሰብሮ ወጥቷል እንበል። ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን ያስተካክላል፤ ቁስሉን አጽድቶ ይሰፋል፤ ታካሚውንም ይሸኛል። ከሳምንታት በኋላ ቆዳው ይድናል፤ ከወራት በኋላ አጥንቱ ይገጥማል። እጁ ግን ከአንጓው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ባለቤቱ ቀና ሊያደርገው ቢሞክርም አይታዘዘውም።

ይህ የሚሆነው የላይኛውን የክንድ አጥንት ተጠግቶ የሚያልፈውና የእጅ አንጓንና ጣቶችን ወደ ላይ የሚያነሡትን ጡንቻዎች የሚያዝዘው ነርቭ ሲጎዳ ነው። የተጎዳ ነርቭ የማገገም ዕድል ካለው የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከተጎዳበት ቦታ እስከ መጨረሻዎቹ ጡንቻዎች ያለው ርቀት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 200 ቀናት መጠበቅ ግድ ይላል። በነዚህ ስድስት ወር ተኩል በሚሆኑ ቀናት ውስጥ የጣቶቹ መገጣጠሚያዎች ከደረቁ፣ ነርቩ በመጨረሻ ቢደርስ እንኳ የሚያንቀሳቅሰው እጅ አያገኝም።

እጁ እንዳይደርቅ ነርቩ እስኪደርስ የሚጠብቀው ባለሙያ ፊዚዮቴራፒስት ነው። አንጓው እንዳይወድቅ በድጋፍ ያስረዋል፤ መገጣጠሚያዎቹን በየዕለቱ የሚያንቀሳቅሱበትን መንገድ ለታካሚውና ለቤተሰቡ ያሳያል፤ ጡንቻው የመጀመሪያውን ምልክት ሲሰጥ ደግሞ የማጠናከሪያ ልምምዱን ይጀምራል።

የግል ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ እንደ መድኃኒት ቤት በአንድ ጉብኝት የሚያልቅ ነገር አይሸጥም። የሚሸጠው ጊዜና ድግግሞሽ ነው። በመሆኑም የሥራው ስኬት የሚለካው በመጀመሪያው ቀን በር ላይ በተሰለፈው ሰው ብዛት ሳይሆን፣ ለስድስተኛውና ለአሥረኛው ቀጠሮ በተመለሰው ሰው ቁጥር ነው። በካርቱም ከሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ጀምሮ እጅግ አስቸጋሪ የሆነው ደግሞ ይኸው መመለስ ነው።

ሦስት ከተሞች፣ ጥቂት ድልድዮች

ካርቱም ብለን በአንድ ስም የምንጠራት ከተማ በእርግጥ ሦስት ናት። በነጭ ዓባይና በጥቁር ዓባይ መካከል ካርቱም፣ በስተሰሜን ባህሪ ወይም ሰሜን ካርቱም፣ በስተምዕራብ ደግሞ ኦምዱርማን። ሦስቱን የሚያገናኙት ድልድዮች ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ኦምዱርማን ውስጥ ስትሮክ የመታው አባት፣ ማዕከላዊ ካርቱም ውስጥ ያለ ክሊኒክ በሳምንት ሦስት ቀን መመላለሱ የትራፊክ መጨናነቅ ጉዳይ ብቻ ነበር። ታካሚውና ቤተሰቡ የሚማረሩት በሙቀቱና በታክሲው ዋጋ ነበር።

የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል መዋጋት ሲጀምሩ ድልድዮቹ የግንባር መስመር ሆኑ። ኦምዱርማንን ከባህሪ የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ ኅዳር 1/2016 ዓ.ም. ወደመ። ማዕከላዊ ካርቱም ለረጅም ጊዜ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ሲቆይ፣ የኦምዱርማን ሰሜናዊ ክፍል የሆነው ካራሪ ደግሞ በጦሩ ይዞታ ሥር ነበር። በተደጋጋሚ በከባድ መሣሪያ የተመታው አል ናው ሆስፒታል የቁስለኞች ዋነኛ መድረሻ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግጭቱ በበረታባቸው አካባቢዎች ከ70 በመቶ የማያንሱት የጤና ተቋማት ሥራ ማቆማቸውን ወይም በቅጡ አለመሥራታቸውን ሲገልጽ ቆይቷል። እንዲህ ያሉ መግለጫዎች የቀዶ ሕክምና ክፍሎችን፣ የኩላሊት እጥበትንና የማዋለጃ ክፍሎችን በስም ያነሣሉ። ፊዚዮቴራፒ ብዙ ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። በመቋረጡ በዚያው ዕለት ሰው አይሞትምና። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ የማይዘረጋ ጉልበት፣ የማይጨብጥ እጅ፣ ሰው ሠራሽ እግር የማይቀበል ጉማጅ ሆኖ።

የሱዳን ጦር መጋቢት 12/2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘና በዚያው ዓመት ግንቦት መላውን የካርቱም ግዛት ተቆጣጥሬያለሁ ብሎ ካወጀ በኋላ ነዋሪዎች መመለስ ጀምረዋል። ተመላሾቹ ያገኟት ካርቱም ግን ቤቶቿ የተዘረፉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቿ ለመዳብ ሲባል ከመሬት ተቆፍረው የወጡ ከተማ ናት።

ማሽኑ ከሌለ ሕክምናው አለ?

ክሊኒክ ለመክፈት ወይም እንደገና ለመክፈት የሚያስብ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ መሣሪያን ይመለከታል። በብዙ ታካሚዎች ዓይን ፊዚዮቴራፒ ማለት ሽቦው ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ የሚነዝር፣ የሚያሞቅ ማሽን ነው። ሽቦ ያልተለጠፈበት ታካሚ ገንዘቡን በከንቱ የከፈለ ይመስለዋል። ባለ ክሊኒኮችም ይህን ስለሚያውቁ፣ ከሠራተኛ ሥልጠና ይልቅ ለማሽን ብዙ ገንዘብ ማውጣት የተለመደ ነበር። ይህ በካርቱም ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በአዲስ አበባም የክሊኒክ ማስታወቂያ ላይ የሚጎላው የማሽኑ ፎቶ ነው።

መረጃው ግን ሌላ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እአአ ታኅሣሥ 2023 ባወጣው ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም መመሪያ ላይ የአልትራሳውንድ ሕክምና፣ በቆዳ ላይ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ መጎተቻና የወገብ ቀበቶ በመደበኛነት እንዳይሰጡ ይመክራል። በአንጻሩ የታቀደ የአካል እንቅስቃሴንና ስለ ሕመሙ ማስተማርን ይደግፋል። የብሪታኒያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም ለወገብ ሕመም ተመሳሳይ አቋም የያዘው እአአ በ2016 ነበር።

ማሽን ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ለአንዳንድ ጉዳቶች፣ በተለይ ጡንቻን በኤሌክትሪክ መቀስቀስ በሚያስፈልግባቸው ሁኔታዎች፣ ቦታ አለው። ነገር ግን መብራት በሰዓታት በሚቆጠርባት፣ የመረዌ ግድብ የኃይል ጣቢያ በድሮን ተመትቶ ሰፊ አካባቢ በጨለማ በተዋጠባት አገር ገቢውን በሙሉ በሽቦ ላይ የመሠረተ ክሊኒክ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይዘጋል። አንድ ጠንካራ አልጋ፣ የመለጠጫ ጎማዎች፣ መወጣጫ ደረጃ፣ መስታወትና ሁለት ትይዩ መደገፊያ ብረቶች ያሉት ክሊኒክ ግን መሥራት ይችላል። በዚህ ጸሐፊ ግምት በካርቱም ቶሎ የሚያገግሙት የመጀመሪያዎቹ ሳይሆኑ ሁለተኛዎቹ ናቸው።

የአሥር ሰው ሥራ

የፊዚዮቴራፒ ገቢ ጣሪያ አለው። አንድ ታካሚ 40 ደቂቃ ከወሰደ፣ በስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ አንድ ባለሙያ ያለ ዕረፍት ቢሠራ እንኳ ከ12 ሰው በላይ ማየት አይችልም። ማስታወሻ መጻፍና እጅ መታጠብ ሲታከልበት አሥር ይሆናል። ከአሥሩ ሦስቱ ቢቀሩ የዕለቱ ገቢ በ30 በመቶ ይቀንሳል፤ ኪራዩና የሠራተኛው ደመወዝ ግን አይቀንሱም። ያመለጠ 40 ደቂቃ እንደ ሸቀጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነገ አይሸጥም።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በአቋራጭ የሚሄዱ አሉ። በአንድ ሰዓት አራት ሰው ተቀብሎ፣ ሁሉንም ማሽን ላይ አስተኝቶ፣ በየአልጋው ማለፍ። ገንዘቡ ለጊዜው ይገኛል። ሆኖም ታካሚው ባለሙያው ስሙን እንኳ እንዳልያዘው ሲያይ ሦስተኛ ቀጠሮውን ይሰርዛል፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። ካርቱም ደግሞ ወሬ በቡናና በሻይ ዙሪያ የሚሠራጭባት ከተማ ናት። በካርቱም ሆስፒታል አጠገብ ያለው፣ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች የተደረደሩበት የሐዋዲስ ጎዳና በሻይ ሻጭ ሴቶቹም ይታወቅ ነበር። ሕመምተኛ አስታማሚ የትኛው ሐኪም ጎበዝ እንደሆነ የሚጠይቀው እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው።

ሌላው የአቋራጭ መንገድ አሥር ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ማስከፈል ነው። ዋጋ በሚዋዥቅበት አገር ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል አንድ ዶላር በ600 የሱዳን ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ማገባደጃ ላይ በጥቁር ገበያ ከ2000 በላይ ሆኗል። ዛሬ የአሥር ቀን የተቀበለ ክሊኒክ ስምንተኛውን ቀን በኪሳራ ይሠራል። ታካሚውም ነገ ሰፈሩ በከባድ መሣሪያ ቢመታና ቢሰደድ ገንዘቡ ይቀራል። የሚሻለው በየቀጠሮው ማስከፈል፣ ቢበዛ የሦስትና የአራት ቀጠሮ መቀበል፣ ያልተሠራበትን መመለስ ነው። ከአንድ ቤተሰብ ጋር ለስምንት ወር የሚቆይ ግንኙነት የሚፈልግ ሙያ በመጀመሪያው ሳምንት በገንዘብ መጣላት የለበትም።

አከፋፈሉም ተለውጧል። የወረቀት ገንዘብ ሲጠፋ ካርቱም ባንካክ በተባለው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ላይ ተንጠልጥላ ኖራለች። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ግን በስልክ መክፈልም መቀበልም አልተቻለም። ከዚያ በኋላ በሳተላይት የሚሠራው ስታርሊንክ በየሰፈሩ ተስፋፋ። ስለዚህ ለክሊኒክ የዱቤ መዝገብ መያዝ እንደ ኋላ ቀርነት የሚታይ አይደለም፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ታካሚውን ከበር ላለመመለስ የሚያስችል ብቸኛ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ፈቃዱን በተመለከተ ሁለት በሮች አሉ። ባለሙያው ራሱ በሙያ ምክር ቤት ይመዘገባል፤ ቤቱ ደግሞ ከግዛቱ ጤና ሚኒስቴር የግል ሕክምና ተቋማትን ከሚከታተለው ክፍል ፈቃድ ያወጣል። ሰነዶቻቸው በተዘረፉ ቢሮዎች ውስጥ ለቀሩ ባለሙያዎች ይህም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ባሲር

የካርቱም ፊዚዮቴራፒስት ተፎካካሪው ሌላ ክሊኒክ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ባሲር ነው። ባሲር በሱዳን የባህል አጥንት ጠጋኝ ነው፤ ቃሉ በዓረብኛ አስተዋይ፣ ተመልካች እንደማለት ነው። ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ብዙም አያስቸግርም፤ ወጌሻ ነው። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቤት ድረስ ይመጣል፣ በሰው ቋንቋ ይናገራል። ሆስፒታሎች በተዘጉባቸው ወራት ደግሞ ለብዙዎች ያለው እሱ ብቻ ነበር።

አደጋው የሚመጣው ከመጥበቅ ነው። የተሰበረ ክንድ በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ሲታሰር፣ እብጠቱ ሲጨምር የደም ዝውውሩ ይታፈናል። ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ። በኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት የልጆች እጅ ተቆርጧል። ከመቆረጥ የተረፈውም ጡንቻው ሞቶ፣ ጣቶቹ እንደ ጥፍር ተጨማድደው ሊቀሩ ይችላሉ።

አስተዋይ ፊዚዮቴራፒስት ግን ባሲሩን በታካሚው ፊት አያንቋሽሽም። አያቱ በባሲር የዳኑለት ሰው ሲሰደብ ያኮርፋል እንጂ አያምንም። ይልቁንም ከእሱ የሚማረው ነገር አለ። ባሲሩ ይዳስሳል፣ ጊዜ ይሰጣል፣ መቼ እንደሚሻል በግልጽ ይናገራል። «ጣቶችህ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከባሰብህ ማሰሪያውን ፍታና ወደ ሐኪም ሂድ» የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ባሲሩም እንዲናገረው ማግባባት ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጣል።

አንገሬብ ላይ የሚሰጥ ሕክምና

ታካሚው መምጣት ካልቻለ ባለሙያው ይሄዳል። የቤት ለቤት ሕክምና በካርቱም ከጦርነቱ በፊትም ነበር፤ መንገድ ሲዘጋና ነዳጅ ሲወደድ ደግሞ በአንድ ሰፈር ብቻ መወሰን ግድ ሆነ። በእግር ሊዳረስ በሚችል ክልል ውስጥ ስድስትና ሰባት ቤት ያለው ባለሙያ ከተማውን ሙሉ ከሚያካልለው የተሻለ ያተርፋል። ቀጠሮው እንደ አየሩና እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እኩለ ቀን ላይ ስትሮክ የመታውን አዛውንት ቁም ተቀመጥ ማለት አይቻልም። በረመዳን ደግሞ ሥራው ከፍጡር በኋላ ይጀምራል።

ቤት ውስጥ የሚጠብቀው አልጋ አንገሬብ ነው፤ እንደ ጠፍር አልጋ በገመድ የተጠለፈ፣ መሃሉ የሚሰረጉድ። ለእንቅልፍ የሚመች፣ ለስትሮክ ታካሚ ግን የሚያስቸግር ነው። ሰውየው ሲተኛ ዳሌውና ጉልበቱ ታጥፈው ይውላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሕክምና ብዙ ጊዜ ልምምድ አይደለም፤ ገመዱን ማጥበቅ ወይም ጣውላ ማንጠፍ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለቤተሰብ ነው። የወደቀውን ጎን እጅ ይዘው የሚጎትቱ ልጆች አባታቸውን የረዱ ይመስላቸዋል፤ ዳሩ ግን ጡንቻው የከዳው ትከሻ ከቦታው እየተንሸራተተ ለወራት የሚያሠቃይ ሕመም ያመጣል። መያዝ ያለበት ከጀርባና ከወገብ ነው። እግሩ ከጉልበት በታች ለተቆረጠበት ወጣት ደግሞ እናት በርኅራኄ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ታደርግለታለች። ጉልበቱ በዚያው ታጥፎ ሲደርቅ ሰው ሠራሽ እግር መግጠም አይቻልም። ትራሱን ማንሣት፣ ጉልበቱን ዘርግቶ መተኛት፣ በቀን የተወሰነ ጊዜ በሆድ መተኛት ምንም ዋጋ የማይጠይቁ ናቸው፤ የሚነግር ሰው ግን ይፈልጋሉ።

በሱዳን ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራው ዋነኛ ተቋም ናፖ በሚል አጽሕሮተ ቃል የሚጠራው ብሔራዊ ባለሥልጣን ነው። ለአሥርት ዓመታት በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደገፍ ቆይቷል፤ ዋና ማዕከሉ ካርቱም ሲሆን እንደ ካሳላና ዳማዚን ባሉ ከተሞችም ቅርንጫፎች አሉት። የግል ክሊኒክ ይህን ሥራ ሊተካ አይችልም። የእሱ ድርሻ ከመቁረጡ በኋላና እግሩ እስኪገኝ ባለው ረጅም ጊዜ ውስጥ ጉማጁን በፋሻ ቅርጽ ማስያዝ፣ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ማቆየት፣ የቀረውን እግርና ክንድ ማጠንከር ነው። ይህን ያልተዘጋጀ ሰው ተራው ደርሶ ማዕከሉ በር ላይ ቢቆም እንኳ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል።

ሌላው ሊታለፍ የማይገባው የሴቶች ጉዳይ ነው። ሴት ባለሙያና የተከለለ ክፍል የሌለው ክሊኒክ በካርቱም ከነዋሪው ግማሹን ገና ሳይከፈት ያጣል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የዳሌና የወገብ ሕመም፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ለወንድ ባለሙያ የሚነገር አይደለም። በጦርነቱ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ ማን እንደሚነካቸው መምረጥ ሕክምናው የሚጀምርበት ነጥብ ነው።

ከዴም እስከ መተማ

በካርቱም የዴም ሰፈር የአማርኛና የትግርኛ ድምፅ የማይጠፋበት፣ እንጀራና ጀበና ቡና የሚገኝበት ሰፈር ነበር። በካርቱም ከኖሩት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶች ብዙዎቹ በቤት ሠራተኝነት ወይም ሻይና ቡና በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። አጎንብሶ ማጠብ፣ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ፣ የውኃ ጀሪካን ማንሣት የወገብና የጉልበት ሕመም ምንጭ ናቸው። በቀን ገቢ የሚኖር ሰው ግን በሳምንት ሦስት ቀን ክሊኒክ ሊመላለስ አይችልም፤ ክፍያው ብቻ ሳይሆን ያልተሠራበት ቀንም ዋጋ ነው። ለእንዲህ ያለው ታካሚ በአንድ ቀጠሮ ሦስት ልምምድ አስተምሮ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲመለስ ማድረግ ከአሥር ቀጠሮ ይሻላል። ይህን የሚያደርግ ክሊኒክ ለጊዜው ገንዘብ ያጣ ይመስላል፤ ታካሚዋ ግን እህቷንና ጎረቤቷን ይዛ ትመጣለች።

ጦርነቱ ሲጀመር ከነዚህ ነዋሪዎች ብዙዎቹ በገዳሪፍና በገላባት አድርገው መተማ ገብተዋል። ከነሱ ጋር የተሻገሩ ቁስለኞችና አካል ጉዳተኞች ቀጣዩን ሕክምና የሚያገኙት ወደ ጎንደር ሲዘልቁ ነው። በኢትዮጵያ በፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ቀድሞ ማስተማር የጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚያ መሆኑ ለነዚህ ሰዎች መልካም አጋጣሚ ነው። የሰው ኃይሉ እጥረት ግን በሁለቱም አገሮች የጋራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበርካታ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ያሉት የተሐድሶ ሕክምና ባለሙያዎች ከአሥር ያንሳሉ።

ድንበር የሚሻገር ታካሚ ይዞት የሚመጣው ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ማዘዣና አጥንቱን የሚያሳይ ራጅ ነው። የፊዚዮቴራፒ መዝገቡ ክሊኒኩ ውስጥ ይቀራል፤ ክሊኒኩም ይዘረፋል። ስለዚህ ለካርቱም ሁኔታ የሚመጥነው አሠራር ለያንዳንዱ ታካሚ ሁልጊዜ በእጁ የሚይዘው አንድ ገጽ ወረቀት መስጠት ነው፤ ፎቶውን በስልኩ ቢያስቀምጠው ደግሞ የበለጠ ይበጃል። ጉዳቱ የደረሰበት ቀን፣ የትኛው ነርቭ ወይም መገጣጠሚያ እንደተጎዳ፣ ጉልበቱ ወይም አንጓው ባለፈው ሳምንት ስንት ዲግሪ እንደታጠፈና እንደተዘረጋ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራቸው ልምምዶች በሥዕል፣ እንዲሁም ፈጽሞ ማድረግ የሌለበት ነገር። በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ከተጻፈ በኦምዱርማንም፣ በካይሮም፣ በጎንደርም ያለ ባለሙያ ያነብበዋል። ከ200ው ቀን 90ው ካርቱም ውስጥ ካለፈ፣ ተቀባዩ ባለሙያ የሚጀምረው ከ91ኛው ነው።